ትሮምሶ ላይ በውሻ የሚጎተት የበረዶ ጋሪ፦ ገንዘቡ ያዋጣል ወይ?

መልሱን ላስቀድም። ያዋጣል። ግን የትም ድርጅት፣ እንዴትም ተደርጎ አይደለም። የውሻ ጋሪውን ፎቶ ሁላችሁም አይታችሁት ይሆናል። ፎቶው ግን ዋናውን ነገር አይነግራችሁም። እኔና ታናሽ እህቴ ያየነውን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ለመሄድ የምታስቡ ከዚህ ተነስታችሁ ወስኑ።

እኔ የምኖረው ኦስሎ ነው። እህቴ የመጣችው ከዱባይ ነው። ሰሜኑን አብረን እንይ ስንባባል ብዙ ጊዜ ስለቆየን ፕሮግራሙን ስናወጣ ተጨቃጨቅን። አንድ ነገር ላይ ግን ተስማማን፤ የውሻ ጋሪው መጨረሻ ላይ ይሁን አልን። ይሄ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትሮምሶ የሰሜን ኖርዌይ ከተማ ናት፤ ከአርክቲክ ክበብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ገባ ብላ ነው ያለችው። ከኦስሎ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። እኛ የሄድነው የካቲት ማለቂያ ላይ፣ በፈረንጆቹ ማርች መግቢያ ነው። ያኔ ቀኑ ረዝሟል፤ በረዶው ግን እንዳለ ነው። ለዚህ ጉዞ ከዚህ የተሻለ ወቅት ያለ አይመስለኝም። ቀን የምትሄዱበትን ታያላችሁ፤ ማታ ደግሞ ሰማዩ ከጠራ የሰሜን ብርሃኑን፣ ያን ሰማይ ላይ የሚውለበለበውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ ለማየት የሚበቃ ጨለማ አለ።

ብርዱ ሰው የሚያወራለትን ያህል አይደለም። ሞቅ ያለ የባሕር ጅረት እዚያ ድረስ ስለሚደርስ ወደቡ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ አይዘጋም። ከተማው ውስጥ ከዜሮ በታች አራት አምስት ዲግሪ የተለመደ ነው። ከባሕሩ ራቅ ሲባል ይበረታል። እኛ ውሾቹ ጋ በሄድንበት ቀን ከዜሮ በታች 11 ነበር።

ስለ ውሾቹ ከማውራቴ በፊት ስለ ሙዚየሙ ልንገራችሁ፤ ለእኛ ነገሩ የጀመረው እዚያ ነውና። ወደቡ ዳር ባለ አሮጌ የእንጨት መጋዘን ውስጥ የዋልታ ሙዚየም አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ ሮአልድ አሙንድሰን ሰፊ ቦታ ይዟል። ደቡብ ዋልታን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡትን ሰዎች የመራው እሱ ነው፤ ዲሴምበር 14 ቀን 1911። የተፎካከሩት እንግሊዞች ከአንድ ወር በላይ ዘግይተው ደረሱ፤ ሲመለሱም መንገድ ላይ አለቁ። ለአሙንድሰን ያሸነፉለት ውሾቹ ናቸው። ወደ ዋልታው ሲነሳ 52 ውሾች ይዞ ነበር። የተመለሱት 11 ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ መንገድ ላይ እየተገደሉ ለቀሩት ውሾችና ለሰዎቹ ምግብ ሆኑ። ድንገት የመጣ ችግር አልነበረም፤ ከመነሻው የታቀደ ነው።

እህቴ ይሄን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ከልጅነቷ ጀምሮ ውሻ ትፈራለች፤ ግን ጭካኔ አትወድም። «እትዬ፣ እኛ የምንሄድበት ቤትስ ሲያረጁ ምን ያደርጓቸዋል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሄደን እንጠይቃለን ተባባልን። ዛሬ አንድ ሰው የትኛውን ድርጅት ልምረጥ ቢለኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ጥያቄ እንዲጠይቅ ነው።

የድርጅት ስም አልጠራም። እዚያ አካባቢ ብዙ አሉ፤ ስም ከምሰጣችሁ መምረጫውን ብነግራችሁ ይሻላል። የእኛው ክቫሎያ የሚባለው ትልቅ ደሴት ላይ ነው። ከከተማው በሚኒባስ ይወስዷችኋል፤ ድልድይ ተሻግራችሁ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሚኒባሱ ዘግይቶብናል። መንገድ ዳር ቆመን ስንጠብቅ አንድ የጽሑፍ መልእክት እንኳን አልላኩም። ይሄ መስተካከል አለበት። በዚያ ብርድ ሰውን ያለ ወሬ ማቆም አይገባም።

ግቢው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መቶ የሚጠጉ ውሾች በአንድ ላይ ይጮኻሉ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ያን ሰማያዊ ዓይን፣ ጸጉራሙን የሳይቤሪያ ሃስኪ ነው። እዚህ ያሉት አብዛኞቹ የአላስካ ሃስኪ የሚባሉት ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ እግረ ረጃጅም፣ መልካቸው ለየቅል። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ዳማ፣ አንዱ ጆሮው የወደቀ። ለመልካቸው ሳይሆን ለሥራቸው እየተመረጡ የተዳቀሉ ስለሆኑ እንደ ንጹህ ዝርያ አይመዘገቡም። ክብደታቸው ሃያ ምናምን ኪሎ ነው። ይህን ሁሉ ሰው የሚጎትቱት እነዚህ ናቸው ቢባል ለማመን ይከብዳል።

እያንዳንዱ የራሱ የእንጨት ቤት አለው። ውስጡ ጭድ ተጎዝጉዟል። አብዛኞቹ በሰንሰለት የታሰሩ ናቸው። ይሄ ቅር አለኝ። እኛ ሰፈር ቀኑን ሙሉ በር ላይ ታስሮ የሚውል ውሻ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ሰንሰለት ሳይ ደስ አይለኝም። አስጎብኚዋን ቀጥታ ጠየቅኳት። አልተቆጣችም። ሰንሰለቱ ከጎረቤት ውሻ ጋር ለመጫወት የሚያደርስ መሆኑን አሳየችን። በየተራ የሚፈቱበትን የታጠረ ሜዳም አሳየችን። በረዶ በሌለበት ወቅት ጎማ ያለው ጋሪ እያስጎተቱ እንደሚያሠለጥኗቸው ነገረችን። ሙሉ በሙሉ ረካሁ አልልም። ግን ምድሩ ንጹህ ነው፣ ውሾቹ ጸጉራቸው ያበራል፣ ሰው ሲቀርባቸው ወደ ሰው ይመጣሉ እንጂ አይሸሹም። የተመታ ውሻ እንዴት እንደሚሸማቀቅ ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ አንድም የሚሸማቀቅ አላየሁም። አስጎብኚዋም የሁሉንም ስም ታውቃለች። ሞከርናት፤ እህቴ በጣቷ እያሳየች «ይሄስ? ያኛውስ?» ስትላት አንድም አልሳተችም።

የእህቴ ዋና ጥያቄም መልስ አገኘ። ዕድሜያቸው ወደ አሥር ሲጠጋ ከሥራ ይወጣሉ። አንዳንዶቹን ቤተሰብ ይወስዳቸዋል፤ አንዳንዶቹ እዚያው ይቀራሉ። በሽታ ሲጸናባቸው የእንስሳት ሐኪም መጥቶ በመርፌ እንዲሞቱ ያደርጋል። ይሄን ሳትደብቅ ነገረችን። ያልተጠየቀችውን ጭምር ስለነገረችን ሌላውንም አመንኳት። ከመሃላችን አፏ የሸበተ አሮጊት ውሻ ሳትታሰር ትዞር ነበር። እህቴ መጀመሪያ የነካችው ውሻ እሷን ነው።

ስለ ልብስ አጭር ነገር። ሙሉ ቱታ፣ ቦት ጫማና ጓንት እነሱ ይሰጣሉ። ከውስጥ ግን የራሳችሁን ሱፍ ልበሱ፤ ጥጥ አይሆንም፣ ላብ ይዞ ያበርዳል። በሃይማኖትም ይሁን በሌላ ምክንያት የውሻ ምራቅ ልብሴን እንዳይነካኝ የምትሉ አትቸገሩ። ቱታው ሁሉንም ይሸፍናል፤ ውሾቹን ማሰናዳትም ግዴታ አይደለም። ለምትችሉ ግን እመክራለሁ። እኔ ከቀኑ ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው።

አስጎብኚዋ አንድ ማንገቻ ሰጠችኝና «ያቺ ግራጫዋ» አለችኝ። ፔፐር ነው ስሟ። ጭንቅላቷን በቀለበቱ ሳስገባ ዝም ብላ ቆመች። ግራ እግሯን ራሷ አነሳችልኝ። ከዚያ ቀኙን። እኔ ገና የቱ ማሰሪያ በየት እንደሚያልፍ ስፈልግ እሷ ድርሻዋን ጨርሳለች። እጄ ደረቷ ላይ ነበር። ልቧ ይደልቃል። መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። በርዷት መስሎኝ ደነገጥኩ። «ብርድ አይደለም፤ መሄድ ፈልጋ ነው» አለችኝ አስጎብኚዋ። ወደ ጋሪው ስንወስዳት የፊት እግሮቿን ከመሬት ከፍ አድርገን ነው። በአራቱም ከረገጠች ሰውን ጎትታ ትጥላለች። ቅንድቧ ላይ ትንፋሿ ወደ በረዶ ተለውጦ ነጭ ሆኗል።

ለአንድ ጋሪ ስድስት ውሾች ተጠመዱ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ። ፊት ያሉት መሪዎቹ ናቸው። ትእዛዝ የሚሰሙት፣ መንገድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጋሪው አጠገብ ያሉት ጉልበተኞቹ ናቸው። ጋሪው ላይ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ ሌላው ከኋላ ቆሞ ይነዳል። መሪ የለውም። ኩርባ ሲመጣ በሰውነታችሁ ወደ ውስጥ ታጋድላላችሁ። በእግራችሁ የምትረግጡት የብረት ፍሬን አለ። ቆማችሁ ስትጠብቁ በረዶው ውስጥ የምትቸክሉት መልህቅ አለ። ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ ምንም ቢፈጠር እጀታውን አትልቁ። ብትወድቁ ውሾቹ ቆመው አይጠብቋችሁም። ገለጻው በእንግሊዝኛ ነው፣ ይፈጥናል። ያልገባችሁን አስደግሙ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ውሾቹ ገመዱን እየነከሱ ወደ ላይ ይዘላሉ። መልህቁ ሲነቀል ግን ሬዲዮ እንደዘጉበት ቤት ጸጥ አለ። አንዲት ድምፅ የለም። የሚሰማው የጋሪው እግር በረዶውን ሲፍቅና የውሾቹ ትንፋሽ ብቻ ነው። ለካ የሚጮኹት መቆሙ መሯቸው ነው። እስካሁን የነበረኝ ጥርጣሬ የለቀቀኝ እዚያ ላይ ነው። ይህን ሥራ ውሻ በግዴታ አይሠራውም። ማንም አልመታቸውም፤ አለንጋ የሚባል ነገርም የለም። የሰው ሥራ እነሱን ማስቆም ነው።

መጀመሪያ እኔ ነዳሁ። ቀኝና ግራችን ነጭ ተራራ ነው፤ ሩቅ ላይ ባሕሩ ይታያል። ውሾቹ እየሮጡ አፋቸውን ወደ ጎን ዘርግተው በረዶ ይገምጣሉ። ይሞቃቸዋል። ውሻ እንደ ሰው በቆዳው ስለማያልበው ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ ለእነሱ ከዜሮ በታች 11 የሥራ አየር ነው። እየሮጡም ይጸዳዳሉ። የተቀመጠ ሰው ሽታው ይደርሰዋል፤ ቀድማችሁ እወቁት። ዳገት ላይ ደግሞ አንድ እግራችሁን አውርዳችሁ መግፋት አለባችሁ። ካልገፋችሁ መሪዎቹ ዞር ብለው ያይዋችኋል። ያንን አስተያየት አይቶ የማይገፋ ሰው የለም።

መሃል ላይ ተቀያየርን። እህቴ ለመንዳት ስትቆም እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ውሾቹን በአማርኛ ማናገር ጀመረች። «አይዟችሁ! በርቱ! ጎበዝ የኔ ልጆች!» ፔፐር ሁለቴ ጆሮዋን ወደ ኋላ አዞረች። ዳገቱን ከእኔ በተሻለ አወጣቻቸው። ውሻ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው እንዲህ ሲሆን ማየት ለእኔ ብቻውን የከፈልኩትን ያወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። ቁጭ ብሎ ብቻ መሄድ የሚባል አማራጭም አለ፤ ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል። አቅም ካላችሁ እሱን አትምረጡ። ቀደም ብለን በአጋዘን የሚጎተት ጋሪ ላይ ተቀምጠን ነበር። ቆንጆ ነው፣ ግን በእርጋታ እየሄዱ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ውሻው ላይ ልዩነቱን የሚያመጣው እናንተም ሠራተኛ መሆናችሁ ነው።

ስንመለስ አስጎብኚዋ መጀመሪያ ያየችው ውሾቹን ነው፤ እኛን አይደለም። ጓንቷን አወለቀች። በረዶው ላይ ተንበርክካ የአንዱን መዳፍ ያዘች። በጣቶቹ መሃል የረጋች የበረዶ እንክብል ነበረች። በትንፋሿ አሟሟቀቻትና በጣቷ አወጣቻት። ከዚያ ቀጣዩ እግር። ከዚያ ቀጣዩ ውሻ። ስድስቱንም እስክትጨርስ እጇ ቀላ። ቀጥሎ ስጋና ስብ ያለበት ለብ ያለ ሾርባ በባልዲ መጣ። እኛም ጭልፋ ተሰጥቶን አደልን። ውሾቹ ውኃ ብቻ ሲሰጧቸው በደንብ ስለማይጠጡ ነው እንዲህ የሚደረገው። ሰዎቹ ሻይ የጠጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እኛ ወደ ድንኳኑ ገባን። የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚዎች ድንኳን ነው፣ ላቩ ይባላል። መሃሉ ላይ እሳት ይነዳል። ለሌላው ሰው ቢዶስ የተባለ የአጋዘን ሥጋ ወጥ ቀረበ። እኛ ጾም ላይ ነበርን። ስንመዘግብ «ቪጋን» ብለን ጽፈን ስለነበር ትኩስ የአትክልት ሾርባና ዳቦ ለይተው አቀረቡልን። ጣዕሙ ደህና ነው፤ ጨው ያንሰዋል። በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ይህን ቀድማችሁ ጻፉ። እዚያ ደርሳችሁ ብትጠይቁ የሚገኘው ዳቦ ብቻ ነው።

እሳቱ ዳር ስለ ሊዮንሃርድ ሴፓላ አወራችን። የዚህ አካባቢ ልጅ ነው፤ በ1877 ተወልዶ ያደገው በሰሜን ኖርዌይ ነው። ወርቅ ፍለጋ አላስካ ሄዶ ውሻ ነጂ ሆነ። በ1925 ክረምት ኖም በምትባል ከተማ ዲፍቴሪያ ገባ፤ በእኛ ክትባት ካርድ ላይ ዘጊ አናዳ የሚባለው ነው። ሕጻናት ሞቱ። መድኃኒቱ ሩቅ ነው፣ አውሮፕላን በዚያ አየር አይበርም። 20 ነጂዎች እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር ያህል በውሻ አደረሱት። አደገኛውን ክፍል የነዳው ሴፓላ ነው፤ መሪ ውሻው ቶጎ ይባላል። ዝናውን የወሰደው ግን የመጨረሻውን ቅብብል የሮጠው ባልቶ የተባለ ሌላ ውሻ ነው። አስጎብኚዋ ይህን ስትናገር ትናንት የሆነ ያህል ትቆጫለች። እህቴም አብራት ተቆጨች።

ዋጋው በሰው ሁለት ሺህ የኖርዌይ ክሮነር አለፍ ይላል፤ ማመላለሻ፣ ልብስና ምግብ አብሮ ነው። ውድ ነው። ግን መቶ ውሻ ዓመቱን ሙሉ እንደሚበላ፣ የሚሠራው ግን ክረምቱን ብቻ እንደሆነ አስቡት። በጣም የረከሰ ዋጋ ሳይ እኔ የምጠረጥረው ከውሾቹ ላይ ምን ቀነሱ ብዬ ነው።

የማልወደውንም ልጻፍ። ጋሪዎቹ ተከታትለው ስለሚሄዱ የፊተኛው ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ውሾቹ ሲቆሙ ይበሳጫሉ፤ እናንተም ትበርዳላችሁ። መጨረሻ ላይ ቡችሎቹን የምናይበት ሰዓት ነበረ፤ ሚኒባሱ ይጠብቃል ተብሎ በጥድፊያ አለቀ። መጸዳጃ ቤቱ ውጭ ነው፣ አይሞቅም። ስልካችሁም በብርዱ ባትሪው ቶሎ ይሞታል፤ የውስጥ ኪስ ውስጥ አድርጉት። እየነዳችሁ ፎቶ ማንሳት አይቻልም፤ ተቀምጣችሁ ሳላችሁ አንሱ።

አሁን ወደ መጨረሻ ቀን ጉዳይ። ውሻውን መጨረሻ ላይ ማድረጋችንን ወድጄዋለሁ። ከእሱ በኋላ በገመድ መኪና ተራራ መውጣት፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ የሰሜን ብርሃን ማሳደድ ይቀዘቅዛል። ያን ሁሉ አስቀድሙ። ግን በረራችሁ በዚያው ቀን እንዳይሆን። የትሮምሶ አየር ይገለባበጣል፤ በክረምቱ መሃል ዝናብ ይጥላል፣ ነፋሱ ሲበረታ ጉዞው ይሰረዛል። አንድ ትርፍ ሌሊት ካላችሁ በማግስቱ መሄድ ትችላላችሁ። እነሱ ሲሰርዙ ገንዘቡ ሙሉ መመለስ አለመመለሱን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የወገብ ሕመም ያለባችሁ ይቅርባችሁ። ጋሪው ይነጥራል። ትልልቅ ወላጆችን ይዛችሁ የምትሄዱ አጭሩን የተቀማጭ ጉዞ ያዙላቸው፤ ወይም ግቢውን ብቻ እንዲጎበኙ ጠይቁ፤ ይሄን የሚፈቅዱ ቤቶች አሉ። ልጆች ላላችሁ ስንት ዓመት ሲሆናቸው እንደሚፈቀድ በየድርጅቱ ይለያያል። ስትደውሉ ታዲያ ስለ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ያረጁ ውሾቻቸው የት እንዳሉም ጠይቁ። መልሱ ላይ የሚንተባተብ ቤት ከሆነ ስልኩን ዘግታችሁ ሌላ ጋ ደውሉ።